ካዲላክ ክብሩን ከየት አገኘው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ሦስት ደብዳቤዎች የሚጠይቁት ስለ አንድ የአሜሪካ የቅንጦት መኪና፣ ስለ ካዲላክ ነው። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ለሃያ ዓመታት ያህል በመካኒክነት የሠራሁ ሰው ነኝ። በአንድ አሮጌ የውጭ መጽሔት ላይ ካዲላክ «የዓለም መለኪያ» ተብሎ ሲጠራ አየሁ። ይህ ስም በሥራ የተገኘ ነው ወይስ ማስታወቂያ ጸሐፊዎች የፈጠሩት? ለመሆኑስ ካዲላክ የሚባል ሰው ነበር? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። ካዲላክ የሚባል ሰው ነበር፤ ነገር ግን መኪና የሚባል ነገር አላየም፣ ስሙም የትውልድ ስሙ አልነበረም። አንትዋን ሎሜ በ1658 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ የተወለደ፣ ከመኳንንት ወገን ያልሆነ ሰው ሲሆን፣ ወደ ሰሜን አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ ራሱን የላ ሞትና የካዲላክ ጌታ ብሎ ሰየመ፤ የጋሻ ዓርማውንም በትውልድ አካባቢው ከነበረ እውነተኛ ባላባት ቤት ወስዶ ጥቂት በመለወጥ የራሱ አደረገው። ይህ ሰው በ1701 በወንዝ ዳር የቆረቆረው ምሽግ ከጊዜ በኋላ የዲትሮይት ከተማ ሆነ። ከተማዋ በ1901 ሁለት መቶኛ ዓመቷን ስላከበረች፣ በማግሥቱ ዓመት የተቋቋመው የመኪና ኩባንያ የመሥራቿን ስም ሲወስድ ለማንም እንግዳ አልነበረም። ዓርማውም አብሮ ተወሰደ። ስለዚህ በካዲላክ ኮፈኖ ላይ የምናየው የባላባት ምልክት መነሻው ባላባት ነኝ ባይ ነው። እውነተኛውን ክብር ያመጣለት ከጋሻው ይልቅ ሞረድና ማይክሮሜትር ነው፤ ይህን ደግሞ ከማንም በላይ እርስዎ ይረዱታል ብዬ አምናለሁ።

የኩባንያው አመሠራረት ራሱ የሚገርም ነው። ሄንሪ ፎርድ በዓለም ከታወቀበት ኩባንያው በፊት በስሙ የተጠራ ሌላ ድርጅት ነበረው፤ ከባለገንዘቦቹ ጋር ስላልተስማማ በ1902 መጋቢት ወር ጥሎት ወጣ። ባለገንዘቦቹ ዊልያም መርፊና ሌሙኤል ቦወን ፋብሪካውን ሸጠው ከኪሳራው ለመገላገል ወሰኑና፣ የመሣሪያዎቹን ዋጋ እንዲገምትላቸው ሄንሪ ሌላንድ የተባለ የታወቀ የማሽን ሥራ ባለሙያ ጠሩ። ሌላንድ ግምቱን ይዞ ሲመጣ ያላሰቡትን ምክር ሰጣቸው፦ ፋብሪካውን አትሽጡ፤ እኔ ያሻሻልሁት ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር አለኝ፣ በእርሱ መኪና ሥሩ አላቸው። በነሐሴ 1902 ካዲላክ የሚለው ስም ተሰጠው፤ በ1903 መጀመሪያ ላይ በኒው ዮርክ የመኪና ትርዒት በቀረበ ጊዜም ከ2,000 በላይ ትዕዛዝ ተቀበለ።

ሌላንድ በዚያን ጊዜ ስድሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰው ነበር። በወጣትነቱ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት በስፕሪንግፊልድ የጠመንጃ ፋብሪካ ሠርቷል፤ ቀጥሎም ብራውን ኤንድ ሻርፕ በተባለው የመለኪያና የማሽን ፋብሪካ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ቆይቷል። ከጠመንጃ ሥራ የተማረው ዋና ነገር አንዱ ክፍል በሌላው ቦታ ያለ ችግር መግባት አለበት የሚለውን ሕግ ነው። ዛሬ ከመደብር የገዙት መለዋወጫ ከሞተሩ ጋር ልክክ ብሎ ሲገጥም አያስደንቅዎትም። በዚያ ዘመን ግን መኪና የሚገጣጥም ሰው ሞረድ በእጁ ይዞ፣ እያንዳንዱን ክፍል ለዚያች ለአንዷ መኪና ብቻ እስኪስማማ ድረስ እየፋቀ ያስገባ ነበር፤ በመሆኑም የአንዷ መኪና ፒስተን ለሌላዋ እህቷ እንኳ ላይሆን ይችላል።

«የዓለም መለኪያ» የተባለበት ታሪክ እዚህ ላይ ይመጣል። በ1908 የካዲላክ የእንግሊዝ ወኪል ፍሬደሪክ ቤኔት፣ የብሪታንያ ንጉሣዊ አውቶሞቢል ማኅበር መኪኖቹን እንዲፈትንለት ጠየቀ። ማኅበሩ ለሽያጭ ከቀረቡት መኪኖች መካከል ሦስቱን ራሱ መረጠ፤ ለንደን አጠገብ ወደሚገኘው የብሩክላንድስ የውድድር ሜዳ ከተወሰዱም በኋላ እስከ መጨረሻው ብሎን ድረስ ተፈቱ። ከእያንዳንዱ መኪና 721 ክፍሎች ወጡ። ሁሉም በአንድ ላይ ተደባለቁ፤ ከዚያም ዳኞቹ 89 ክፍሎችን አንሥተው በምትካቸው ከወኪሉ መጋዘን የመጡ አዳዲስ መለዋወጫዎች አስገቡ። መካኒኮቹ የተፈቀደላቸው ኪያቤና ካቻቢቴ ብቻ ነው፤ ሞረድ መንካት ክልክል ነበር። ሦስቱም መኪኖች ተገጣጥመው፣ ሞተራቸው ተነሥቶ፣ እያንዳንዳቸው በሜዳው ላይ 500 ማይል ሮጡ። ካዲላክ በዚህ ምክንያት ማኅበሩ ለመኪና ቴክኒክ ዕድገት የሚሰጠውን የዲዋር ዋንጫን ተሸለመ፤ «የዓለም መለኪያ» የሚለውን መፈክርም ከዚያ በኋላ በማስታወቂያው ላይ ማተም ጀመረ። እንግዲህ ቃሉን ማስታወቂያ ጸሐፊ ጽፎት ይሆናል፤ ያለ ሥራ የተጻፈ ግን አልነበረም። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የተፈተኑት መኪኖች የቅንጦት መኪኖች አለመሆናቸው ነው፤ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ አነስተኛና ርካሽ መኪኖች ነበሩ።

ካዲላክ በ1909 የአሜሪካዊው መኪና አምራች የጄኔራል ሞተርስ ንብረት ከሆነ በኋላም ያው መንፈስ ለጥቂት ጊዜ ቀጠለ። እስከዚያ ድረስ ሞተር የሚነሣው በማኑቬላ ሲሆን፣ ማኑቬላ ወደ ኋላ ሲመታ ክንድ ይሰብራል፣ ሰው የሞተበት ጊዜም አለ። ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ፣ እኛ ሞተሪኖ የምንለው፣ በ1912ቱ ካዲላክ ላይ የመኪናው መደበኛ አካል ሆኖ ወጣ፤ ኩባንያውም የዲዋርን ዋንጫ ለሁለተኛ ጊዜ አገኘ። ጉልበት የሌለው ሰውም መንዳት ቻለ፤ በቀላሉ መነሣታቸውን ዋና መሸጫቸው አድርገው የነበሩት የዚያ ዘመን የኤሌክትሪክ መኪኖችም ገበያቸው ተወሰደባቸው። በ1914 ደግሞ ባለ ስምንት ሲሊንደር ቪ ቅርጽ ሞተር ተከተለ። እርስዎን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር፦ በ1928 ካምቢዮ ሲቀየር የሚሰማውን የጥርስ መንገጫገጭ ያስቀረው የሲንክሮ አሠራርም ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በካዲላክ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ በዋሽንግተን አካባቢ የሊሞዚን አገልግሎት እሰጣለሁ። ቀድሞ ሊንከን ታውን ካር ነበረኝ፤ አሁን ካዲላክ ኢስካሌድ እነዳለሁ። በዕድሜ የገፉ ጥቁር አሜሪካውያን ደንበኞቼ መኪናውን ሲያዩ ፊታቸው ይበራል፤ አንድ አዛውንት በሩን በእጃቸው ዳብሰው «አባቴ ይህን ሳይገዛ አልሞተም» አሉኝ። ለእነርሱ ይህ መኪና ምንድን ነው? ሊንከንስ ከካዲላክ ጋር ያለው ነገር እንዴት ነው? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ደንበኛዎ የነገሩዎት ቃል ረጅም ታሪክ አለው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የኢኮኖሚ ድቀቱ የቅንጦት መኪና ገበያን አድርቆት ነበር፤ ጄኔራል ሞተርስም ካዲላክን ስለ መዝጋት ይነጋገር ነበር። የኩባንያው ፖሊሲ ደግሞ መኪናው ለጥቁር ገዢ እንዳይሸጥ ይከለክል ነበር፤ የነጭ ደንበኞች ክብር ይነካል በሚል። በጊዜው የጥገና አገልግሎት ኃላፊ የነበረው ኒኮላስ ድራይስታት የተባለ ትውልደ ጀርመን ግን በየጥገና ጣቢያው ሲዘዋወር ሌላ ነገር አየ፦ መኪናቸውን ለማስጠገን ከሚመጡት መካከል ጥቁር ቦክሰኞች፣ ዘፋኞችና ሐኪሞች ጥቂት አልነበሩም። እንዴት ገዙት ቢባል፣ አንድ ነጭ በስሙ እንዲገዛላቸው ብዙ ገንዘብ እየከፈሉ ነው። እንደሚተረከው ድራይስታት ሥራ አመራሩ ፊት ቀርቦ፣ ያ ጭማሪ ገንዘብ ለምን ወደ ደላላ ኪስ ይገባል፣ ለምን እኛው በቀጥታ አንሸጥላቸውም ብሎ ተከራከረ። ተፈቀደለት፤ ሽያጩ ተነሣ፤ ድራይስታትም ብዙ ሳይቆይ የካዲላክ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ልብ ይበሉ፣ ክርክሩ የፍትሕ ሳይሆን የሒሳብ ነበር፤ ለዚህም ይመስለኛል የተሳካለት።

የገዢዎቹ ምክንያት ግን ከሒሳብ በላይ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ጥቁር ሐኪም ገንዘብ ቢኖረውም በፈለገው ሰፈር ቤት መግዛት፣ በፈለገው ሆቴል ማደር፣ የፈለገው ክበብ አባል መሆን አይችልም ነበር። በገንዘቡ ሊያገኘው የሚችለው፣ በጎዳና ላይ ሁሉም የሚያየውና ከማንም ሀብታም ነጭ ንብረት የማያንስ ነገር መኪና ነበር። ኢቦኒ የተባለው የጥቁሮች መጽሔት በ1949 ስለዚሁ ጉዳይ ርእሰ አንቀጽ ጽፏል። የቦክስ ሻምፒዮኑ ሹገር ሬይ ሮቢንሰን ሮዝ ቀለም ያለውን ካዲላክ በኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር በሃርለም ሲያቆም ልጆች ይከቡት የነበረውም ከዚህ ስሜት የተነሣ ነው። በአንጻሩ ነጩ ዘፋኝ ኤልቪስ ፕሬስሊ ሮዝ ካዲላኩን ለእናቱ ሲሰጥ፣ እናቱ መንጃ ፈቃድ አልነበራቸውም። ሁለቱም መኪኖች ሮዝ ነበሩ፤ የያዙት ትርጉም ግን ለየቅል ይመስለኛል።

ወደ ሊንከን ልመለስ። ቀደም ብለው የነዱት መኪናም የዚያው የሄንሪ ሌላንድ ልጅ ነው። ሌላንድ በ1917 ከጄኔራል ሞተርስ ወጥቶ ከልጁ ጋር አዲስ ኩባንያ ሲያቋቁም መጀመሪያ የአውሮፕላን ሞተር ሠራ፤ ስሙን የሰየመው ደግሞ በ1864 በወጣትነቱ ድምፁን በሰጠው ፕሬዚዳንት በአብርሃም ሊንከን ነው። ከጦርነቱ በኋላ ወደ መኪና ዞረ፤ ሆኖም ኩባንያው ከሰረና በ1922 በሐራጅ ቀረበ። በ8 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ማን ሆነ? ሄንሪ ፎርድ! ከሃያ ዓመት በፊት ጥሎት የወጣው ፋብሪካ በሌላንድ እጅ ካዲላክ ሆኖበት ነበርና፣ አሁን ሽማግሌው በእርሱ ሥር ተቀጣሪ ሆነ። አብረው የቆዩት ለጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ ሌላንድና ልጁ በዚያው ዓመት ከሥራ ተሰናበቱ። ሁለቱ የአሜሪካ የቅንጦት ስሞች ከአንድ ሰው እጅ መውጣታቸውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

ፉክክሩ እስከ እርስዎ ዘመን ደርሷል። ሊንከን በ1997 ናቪጌተር የተባለውን ትልቅ መኪና ሲያወጣ ካዲላክ ያዘጋጀው መልስ አልነበረውም፤ በጥድፊያ የእኅት ኩባንያውን ዩኮን ዴናሊ ዓርማ ቀይሮ በ1998 ኢስካሌድ ብሎ አወጣው። አጀማመሩ የሚያኮራ አይደለም። መኪናው በእውነት የራሱ መልክ የያዘው በሁለተኛው ትውልድ ነው፤ ዛሬ የካዲላክን ስም ተሸክሞ የሚዞረው ግን እርሱ ነው። የታውን ካር ምርት በ2011 ስለ ቆመም፣ የእርስዎ የሥራ ባልደረቦች ሊንከንን ትተው ወደ ኢስካሌድ መዞራቸው አያስገርምም። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ይፋዊ ሊሞዚንም ከ1993 ወዲህ ካዲላክ ነው።

ጥያቄ፦ በሥዕል ላይ ያሉት የድሮ ካዲላኮች ከኋላቸው ክንፍ፣ በዓርማቸውም ላይ ዳክዬ የሚመስሉ ወፎች አሉባቸው። አሁን ሁለቱም የሉም። ምን ሆኑ? (ከባሕር ዳር፣ ተማሪ)

መልስ፦ ክንፉን የፈጠረው የጦር አውሮፕላን ነው። የጄኔራል ሞተርስ የንድፍ ኃላፊ ሃርሊ ኧርል ፒ-38 የተባለውን ባለ ሁለት ጅራት ተዋጊ አውሮፕላን አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከመግባቷ በፊት ለባልደረቦቹ አሳይቷቸው ነበር፤ በ1948 የወጣው ካዲላክ ከኋላ መብራቶቹ በላይ እብጠት የምትመስል ትንሽ ክንፍ ነበረችው። ክንፏ በየዓመቱ አደገች፤ በ1959 ከሁሉም የረዘመችውና ጥይት የሚመስሉ ሁለት ሁለት መብራቶች የተሰኩባት ሆነች፤ ከዚያ እያጠረች በ1960ዎቹ አጋማሽ ጠፋች። ለመንዳቱ የጨመረችው ነገር የለም። ያም ዘመን በቅንጦት ብዛት የሚያስቅ ዘመን ነበር፦ የ1957ቱ ኤልዶራዶ ብሩአም 13,074 ዶላር የሚያወጣና በዚያን ጊዜ ከሮልስ ሮይስ የተወደደ ሲሆን፣ በውስጡ የሽቶ ብልቃጥና በማግኔት የሚጣበቁ ኩባያዎች ነበሩት። በሁለት ዓመት የተሠሩት 704 ብቻ ናቸው፤ ጄኔራል ሞተርስም በእያንዳንዱ ላይ ከሠረ።

ከዚህ ይልቅ ስሙን የጎዳው በ1980ዎቹ የሆነው ነው። በ1981 እንደ ጭነቱ ሲሊንደር እያጠፋ ነዳጅ እንዲቆጥብ የታሰበው ሞተር የጊዜው ኤሌክትሮኒክስ አልችልህ ስላለው ባለቤቶቹ ወደ ጋራዥ እየሄዱ ሥርዓቱን አስነቀሉት። በማግሥቱ ዓመት የወጣው ሲማሮን ደግሞ ከርካሹ ሼቭሮሌ ካቫሊየር ብዙም የማይለይ መኪና ነበር፤ የሌላንድ ኩባንያ በዓርማ ብቻ ክብር ሲሸጥ ማየት ያሳዝናል። ከ2002 በኋላ ሲቲኤስ የተባለው መኪና መልሶ አክብሮት አስገኘለት፤ አሁን በእጅ የሚሠራውና ዋጋው ከ300,000 ዶላር በላይ የሆነው የኤሌክትሪክ ሴለስቲክ አለው፤ በ2026ም ፎርሙላ 1 ውድድር ውስጥ ገብቷል።

ወፎቹን በተመለከተ፣ ዳክዬዎች ሳይሆኑ በአውሮፓ የጋሻ ሥዕል ወግ ያለ እግር የሚሣሉ ትናንሽ ወፎች ናቸው። አንትዋን ሎሜ ከጎረቤቱ ባላባት ጋሻ ጋር አብሮ የወሰዳቸው ናቸው፤ በ2000 ገደማ ዓርማው ሲታደስ ወጡ፤ ከጋሻው ዙሪያ የነበረው የአበባ ጉንጉንም በ2014 ቀረ። አሁን የቀረው ጋሻው ብቻ ነው።