ምስር የሚለቅም ዓይን ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?

ጥያቄ፦ እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ስኳር ከተገኘባት 9 ዓመት ሆኗታል። ሜትፎርሚን ትወስዳለች፤ ግን ጠዋት ቁርስ ሳትበላ ስትለካ ብዙ ጊዜ ከ200 በላይ ነው። ሐኪሟ ዓይንሽን ታዪ እያለ ደጋግሞ ነግሯታል። እሷ «ምስር ስለቅም አንዲት ጠጠር አታመልጠኝም፣ ዓይኔ ምን ሆነና?» ትላለች። ጎረቤታችን ሌዘር ከተደረገላቸው በኋላ ዓይናቸው መጥፋቱም አስፈርቷታል። ለመሆኑ ስኳርን ከዓይን ጋር ምን አገናኘው? እንዴትስ ላሳምናት?
ልጇ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽ እውነታቸውን ነው፤ ጠጠሯን ያዩዋታል። ግን ጠጠር ማየታቸው ስለ ሬቲናቸው ደም ሥሮች ምንም አይነግረንም።

ሬቲና ከዓይን ኋላ ያለ፣ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን ነው። ብዙ ኦክስጅን ስለሚፈልግ ከፀጉር በቀጠኑ ደም ሥሮች የተሞላ ነው። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የእነዚህ ሥሮች ግድግዳ ይጎዳል። ግድግዳውን ከውጭ አቅፈው የሚደግፉ ሴሎች አሉ፤ እነሱ ይሞታሉ። ድጋፍ ያጣው ግድግዳ እዚህም እዚያም እንደ ትንሽ ፊኛ ያብጥና ደም፣ ውሃና ቅባት ያፈሳል። አንዳንዱ ሥር ደግሞ ጭራሽ ይዘጋል። ደም ያጣው ሬቲና አዲስ ሥር የሚያስበቅል ኬሚካል ያመነጫል። ደግ ነገር ይመስላል፤ ግን አዲሶቹ ሥሮች ደካሞች ናቸው፣ በቀላሉ ይደማሉ፣ ጠባሳ እየሠሩም ሬቲናውን ከቦታው ጎትተው ሊያላቅቁት ይችላሉ። ሰው ጠዋት ተነስቶ «ዓይኔ ፊት ጥቁር ድር ይንሳፈፋል» የሚለው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው።

ወደ ምስሩ ልመለስ። ጠጠሯን የሚለይላቸው ማኩላ የሚባል፣ የሬቲናው መሐል ላይ ያለ ትንሽ ቦታ ነው። እሱ እስካልተነካ ድረስ ዙሪያው ቢደማም ሰው ያነባል፣ ይለቅማል። ሕመም የለውም፣ አይቆረቁርም። ዓይነት 2 ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ በተገኘበት ሰሞን፣ ከዚያም በየዓመቱ ይመርመር የሚባለው ለዚህ ነው።

የጎረቤታችሁን ነገር የመሰለ ታሪክ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ሌዘር በአብዛኛው ያለውን ማዳኛ ነው እንጂ የጠፋውን መመለሻ አይደለም። ዘግይቶ የሄደ ሰው ሌዘር ተደርጎለትም ሊብስበት ይችላል፤ ከዚያ ስሙ የሚጠፋው የሌዘሩ ነው። ማኩላው ካበጠ ደግሞ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ አለ። ስሙ ያስፈራል፤ ግን ዓይኑ ደንዝዞ ነው የሚወጋው፣ መወጋቱም ሰከንዶች ነው። ከመድኃኒቶቹ አንዱ አቫስቲን ነው። የካንሰር መድኃኒት ነው ቢሏችሁ አትደንግጡ። መጀመሪያ ለአንጀት ካንሰር የወጣ ነው፤ ዓይን ውስጥ የሚገባው ግን እጅግ ጥቂት ነው፣ ሥራውም ያን ሥር አስበቃይ ኬሚካል መግታት ነው።

200 ግን ያሳስበኛል። መድኃኒቱን ራሳችሁ አትጨምሩ፤ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ፣ የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸውና የደም ግፊታቸውም ይታይ። እንግሊዝ አገር በ1998 በታተመ ትልቅ ጥናት፣ ስኳራቸው ጠበቅ ተደርጎ በተያዘላቸው ዓይነት 2 ታማሚዎች ላይ የትንንሽ ደም ሥሮች ጉዳት በ25 በመቶ ቀንሷል። ብቻ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በአንዴ ሲወርድ የዓይኑ ጉዳት ለጊዜው ሊብስ ስለሚችል፣ ዓይናቸው ቀደም ብሎ ቢታይ ይሻላል።

«ትታወሪያለሽ» እያልሽ አታስፈራሪያቸው። «አሁን ስለምታዪ ነው የምንሄደው» በያቸው። ብቻቸውንም አትላኪያቸው። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ስለሚደረግላቸው ለጥቂት ሰዓታት ብርሃን ይወጋቸዋል፣ የቅርቡም ነገር ይደበዝዝባቸዋል። የዚያን ቀን ምስሩን አንቺ ልቀሚላቸው።