ፍሪጅን አንድ ሰዓት ለክቶ የወር ፍጆታ አይታወቅም

ጥያቄ፦ ካርድ የምሞላበት ቆጣሪ ቶሎ ቶሎ እያለቀብኝ ነው። ፍሪጁን ጠርጥሬ ሶኬት ላይ በሚሰካ መለኪያ አንድ ሰዓት ብለካው 0.13 ኪሎዋት ሰዓት አሳየ። ለወር ሳሰላው 94 ገደማ መጣ። ፍሪጁ በስታብላይዘር ነው የሚሠራው። ልለውጠው?

መልስ፦ አይቸኩሉ፣ ገና አልለኩትም። ኮምፕረሰር (የፍሪጁ ሞተር) ይነሳል፣ ያርፋል። ምናልባት የለኩት መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ወይም ትኩስ ድስት ከገባ በኋላ ይሆናል፤ ያኔ ሳያርፍ ይሠራል። መለኪያውን ዜሮ አድርገው 7 ቀን ይተዉት። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ እንበል፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጻፉ፤ መብራት የጠፋበትን ሰዓትም አብረው ይያዙ። ርካሽ መለኪያ ውስጡ ያለችው ባትሪ ከሞተች መብራት ሲጠፋ የያዘውን ይረሳል። ስለዚህ ቀድመው ነቅለው መልሰው ይሰኩትና ቁጥሩ መኖሩን ይዩ። በ7 ቀን 8.4 ከቆጠረ በወር 36 ነው፤ ከ94 ጋር አይገናኝም።

ስታብላይዘሩን አይርሱት። ውስጡ ትራንስፎርመር ስለሆነ ፍሪጁ ባረፈበት ሰዓትም ይበላል። መለኪያውን ግድግዳው ላይ ሰክተው ስታብላይዘሩን ከሱ ያስቀጥሉ፤ ኮምፕረሰሩ ሲያርፍ ዋቱን ያንብቡ። 15 ዋት ካሳየ በወር ወደ 11 ኪሎዋት ሰዓት በከንቱ ይሄዳል ማለት ነው። አምፔርን በ220 አባዝተው ግን አያስሉ፤ ኮምፕረሰር ላይ ከእውነተኛው ዋት አብልጦ ያሳያል።

ሌሊት በሩ ሳይከፈት ሰዓታት ሙሉ ካላረፈ ችግር አለ (ኢንቨርተር፣ ማለትም የኮምፕረሰሩን ፍጥነት የሚቀያይር ፍሪጅ ከሆነ ግን ዝቅ ብሎ ያለማቋረጥ መሥራቱ ልማዱ ነው)። እዚህ ላይ ዋቱ ብዙ ይናገራል። ዋቱ እንደወትሮው ሆኖ የማያርፍ ከሆነ የበሩን ላስቲክ ይጠርጥሩ፦ ወረቀት አስገብተው በሩን ዘግተው ይሳቡ፣ ሳይይዘው ከወጣ ላስቲኩ ላልቷል። ከኋላ ያለው ፍርግርግ አቧራ ከለበሰም ነቅለው በብሩሽ ይጥረጉ፣ ከግድግዳውም 10 ሳንቲሜትር ያህል ያርቁት። ዋቱ ከወትሮው ወርዶ፣ በረዶውም አንድ ጥግ ላይ ብቻ እየያዘ የማያርፍ ከሆነ ግን ጋዝ አንሶት ይሆናል። እሱ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ቀዳዳው ሳይገኝ ጋዝ ቢሞላልዎት ተመልሶ ያልቃል።

ለብሩ፣ ካርድ ሲሞሉ የተሰጠዎትን ደረሰኝ ይያዙ፤ የከፈሉትን በገዙት ኪሎዋት ሰዓት ሲያካፍሉት አማካይ ዋጋው ይወጣል። የቤት ታሪፍ ፍጆታ ሲጨምር በእርከን ስለሚወደድ መጨረሻ ላይ የሚጨመረው ከአማካዩ ይበልጣል።

ለመሆኑ ምጣዱን አስበውታል? 3,500 ዋት ምጣድ ሁለት ሰዓት ሲበራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በሳምንት ሁለቴ ከጋገሩ በወር 60 ነው፣ ከፍሪጁ በላይ። እሱን በዚያች መለኪያ እንዳይለኩ፣ ሶኬቷን ያቀልጠዋል። ሌላውን ዕቃ አጥፍተው፣ ከመጋገርዎ በፊትና በኋላ ቆጣሪው ላይ የቀረውን አንብበው ይቀንሱ።