ስምንት የላፕቶፕ ባትሪ በአንዴ መሙላት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ለተማሪዎች የጽሕፈትና የፕሪንት ሥራ እሠራለሁ። መብራት ሲጠፋ የምቀያይራቸው ስምንት ተነቃይ የላፕቶፕ ባትሪዎች አሉኝ። ላፕቶፖቹ ግን ሁለት ብቻ ስለሆኑ መብራት ሲመጣ ሁሉንም ለመሙላት ቀኑ አይበቃኝም። ስምንቱንም በፓራለል (ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭን ከኔጌቲቭ) አስሬ ከአንድ የ19 ቮልት ቻርጀር ጋር ባገናኛቸው ይሆናል? ካልሆነ ምን ልሥራ?

መልስ፦ አይሆንም ልጄ፣ እንዳትሞክረው። ግድግዳ ላይ የምትሰካው ጥቁር ሳጥን ሥራው 220ውን ቮልት ወደ 19 ማውረድ ብቻ ነው። ባትሪውን እየለካ የሚሞላው ክፍል ላፕቶፑ ውስጥ ነው ያለው። ባትሪዎችህ ላይ 10.8 ወይም 11.1 ቮልት ተጽፎ ከሆነ በተከታታይ የታሰሩ ሦስት ሴሎች አሏቸው፤ ሲሞሉ 12.6 ላይ መቆም አለባቸው። 14.4 ወይም 14.8 ካየህ ሴሎቹ አራት ናቸው፤ ማቆሚያቸውም 16.8 ነው። ባለአራቶቹን ከባለሦስቶቹ ለይተህ አስቀምጥ። ቀጥታ 19 ቮልት ከሰጠሃቸው የሚያድንህ ውስጣቸው ያለው ትንሽ ቦርድ ብቻ ነው፤ እኔ በሱ ተማምኜ አልተኛም።

ፓራለሉም ሌላ ጣጣ አለው። አንዱ 12.4፣ ሌላው 10 ቮልት ላይ ሆነው ብታገናኛቸው፣ የሞላው ወደ ባዶው በኃይል ይፈስሳል። መጠኑን የሚገድብ ነገር የለም።

የጋራ መሆን የሚችለው ኃይል ሰጪው ነው፤ የሚሞላው ክፍል ግን ለየባትሪው ለብቻው ይሁን። ከአንድ በርሜል ስምንት ቧንቧ እንደማውጣት ነው። ለዚህ ኤክስ ኤል 4015 (XL4015) የሚባለው ሞጁል፣ ማለትም ቮልት የሚያወርድ ትንሽ ቦርድ፣ ለየባትሪው አንድ አንድ ይበቃሃል። ቮልቱንም አምፔሩንም የሚገድቡ ሁለት ብሎኖች አሉት። አዳማ ካጣኸው መርካቶ አታጣውም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 4400 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ እስከ 2.2 አምፔር ቢሰጡት ይችላል። እኔ ግን በ1.5 እሞላዋለሁ፤ ከነመጨረሻው ዝግታ አራት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። 12.6 በ1.5 ሲባዛ 19 ዋት ገደማ ነው። ስምንቱ 150 ይሆናሉ፤ የሚባክነውን ስትጨምርበት 170 በል። ስለዚህ የ65 ዋቱ የላፕቶፕ ሳጥንህ ከሦስት ባትሪ በላይ አይዘልቅም። 24 ቮልት 10 አምፔር ፓወር ሰፕላይ ግዛ። ለማስታወቂያ መብራት የሚሸጠው ዓይነት ይሆንሃል። ባለ 12 ቮልቱን ርካሽ ነው ብለው እንዳይሸጡልህ፤ 12.6 ላይ አይደርስም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ዳዮዱን፣ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን ዕቃ ነው። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ወደ ኋላ ዞሮ ሞጁሉን መመገብ ይጀምራል። ማታ የሞላኸው ጠዋት ጎድሎ ይጠብቅሃል። በየሞጁሉ መውጫ ላይ ሾትኪ ዳዮድ አስገባ። ቮልቱን ከዳዮዱ በፊት በቴስተር እየለካህ 12.6 ላይ አቁመው። ዳዮዱ ትንሽ ስለሚቀንስ ባትሪው ጥቂት ጎደል ብሎ ይሞላል። ይጉደል። የላፕቶፕ ባትሪ ሊቲየም ነው፤ ሊቲየም ደግሞ እስከ አፉ ባይሞላ ዕድሜው ይረዝማል። በየመስመሩ ባለ 3 አምፔር ፊዩዝም አትርሳ።

ሞጁሉ በራሱ አይዘጋም። አምፔሩ ወደ 0.2 ሲወርድ ባትሪውን ንቀል፤ ወይም በሰዓት የሚዘጋ ሶኬት ተጠቀም። ሊቲየም ከሞላ በኋላ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ እንዲውል አልመክርም።

ባትሪው ጫፍ ላይ የምታያቸው ቀጫጭን መሃል እግሮች ላፕቶፑ ከባትሪው ጋር የሚነጋገርባቸው ናቸው። አንዱ ብዙ ጊዜ የሙቀት መለኪያ ነው። አንዳንድ ባትሪ ላፕቶፕ ውስጥ መግባቱን በአንደኛው እግር ካላወቀ ቮልት አይሰጥም። ስለዚህ ቴስተርህ ዜሮ ቢያሳይ ሞቷል ብለህ አትጣለው፤ መጀመሪያ ላፕቶፕ ውስጥ አስገብተህ እየው። እግሮቹን ግን በግምት በሽቦ አታገናኝ።

የአዳማን ሙቀት ደግሞ ታውቀዋለህ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሰዓት በኋላ አትሙላ። ባትሪው ራሱ 45 ዲግሪ ካለፈ መሙላት ማቆም ነው። ጠዋት፣ አንተ እያለህ፣ ብሎኬት ላይ አራርቀህ ደርድራቸው። ስፖንጅና ካርቶን ከአጠገባቸው አርቅ። ሌሊት ሰክቶ ቤት መሄድ የለም።

ሞጁል ከመግዛትህ በፊት ስምንቱንም ለካ። ቮልት እየሰጠ ከ7.5 በታች የወረደ ባለሦስት ሴል ባትሪ ካለ፣ በግድ አትሙላው፤ ውስጡ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ለሱ ሞጁል አትግዛለት።