አብሮ መቀመጥ ለምን አይበቃም?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ7ኛ ክፍል የኅብረተሰብ ትምህርት መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ በብሔርም በሃይማኖትም የተለያዩ ስለሆኑ ሆን ብዬ አደባልቄ አስቀመጥኳቸው። ወር አለፈው፤ ደወል ሲደወል ግን ሁሉም ወደየራሱ ሰው ይሮጣል። ምን ጎደለኝ?
(መምህር፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ወንበሩን አደባልቀዋል፤ ሥራውን ግን አላደባለቁም። ዴስክ የሚጋሩ ሁለት ልጆች አንዱ ለሌላው ካላስፈለገው ዓመቱን ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው ባዕድ እንደሆኑ ይለያያሉ። ለደረጃ የሚሽቀዳደሙ ከሆነማ መቀራረቡ ራሱ ያቃቅራቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1954 የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪው ሙዛፈር ሸሪፍና ባልደረቦቹ አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ 22 ወንድ ልጆችን በካምፕ ለሁለት ከፍለው በውድድር አፎካከሯቸው። ጠቡ ከከረረ በኋላ አብረው ፊልም እንዲያዩና አብረው እንዲበሉ ቢደረግ ትርፉ ምግብ መወራወር ሆነ። ነገሩ መለወጥ የጀመረው የካምፑ ውሃ ሲቋረጥና ምግብ የሚያመጣው መኪና አልነሳ ሲል ነው። ቀድሞ ጉተታ የተፎካከሩበትን ገመድ አምጥተው መኪናውን አብረው ጎተቱት። አንድ ጊዜ አልበቃም፤ ውሃውን ተጋግዘው ካስመለሱ በኋላ እራት ላይ እንደገና ተጋጭተዋል። ልብ የሚባለው ይህ ድግግሞሽ ነው።

ይህን ወደ ክፍል ያመጣው ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤሊዮት አሮንሰን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ቴክሳስ ኦስቲን፣ ነጭ፣ ጥቁርና ላቲኖ ልጆች ገና አንድ ትምህርት ቤት መማር በጀመሩበት ወቅት። ዘዴው እያንዳንዱን ልጅ የትምህርቱ አንድ ቁራጭ ባለቤት ማድረግ ነው። 50 ተማሪ ካለዎት በ5 በ5 አድርገው 10 ቡድን ያውጡ። ስብጥሩን ቤትዎ ሠርተው ስም ብቻ ይጥሩ፤ «ከየብሔሩ አንድ አንድ» ብለው ከደለደሉ ልጁ ራሱን እንደ ወኪል ይቆጥራል። ርዕሱ የአድዋ ጦርነት ነው እንበል። ለአንዱ የ1881ን የውጫሌ ውል፣ ለሁለተኛው የክተት አዋጁን፣ ለሦስተኛው አምባላጌንና መቀሌን፣ ለአራተኛው የየካቲት 23 ቀን 1888ን ውሎ፣ ለአምስተኛው የ1889ን የአዲስ አበባ ውል በግማሽ ገጽ ጽፈው ይስጡ። ማንም የሌላውን ወረቀት አይይዝም።

ልጆቹ 10 ደቂቃ ለየብቻ ያንብቡ። ከዚያ አንድ ዓይነት ቁራጭ የያዙት ከየቡድናቸው ወጥተው ይገናኙና 15 ደቂቃ ያህል «እንዴት ብለን እናስረዳ?» ብለው ይለማመዱ። 10 ሆነው ከተሰበሰቡ ሁለቱ ብቻ ስለሚያወሩ ለሁለት ይክፈሏቸው። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ወደ ቡድናቸው ተመልሰው እያንዳንዱ 4 ደቂቃ ያህል ያስረዳል። በመጨረሻ ስለ አምስቱም ክፍል አጭር ፈተና በግል ይስጡ።

የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የቡድን ማርክ ከሰጡ ደካማው ልጅ የቡድኑ ጠላት ይሆናል፤ ወገኑም አብሮ ይወቀሳል። ማርኩ የየግል ይሁን። የልምምዱን ጊዜ ከዘለሉ ደግሞ ማስረዳት የሚፈራው ልጅ በሁሉም ፊት ይዋረዳል፤ በወገኑ ላይ የነበረው ንቀት ማስረጃ አገኘ ማለት ነው። ለሚቀር ልጅ ትርፍ ወረቀት ይያዙ። ቡድኑንም በየሳምንቱ አይበጥብጡት፤ ቢያንስ 6 ሳምንት ይቆይ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ 2ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዶርም የምጋራው ልጅ ከሌላ ብሔር ነው፤ ከወንድም አይተናነስም። ስለ ብሔሩ ሲወራ ግን አመለካከቴ ያው ነው፤ «እሱማ እንደነሱ አይደለም» እላለሁ።

መልስ፦ አእምሮ ከጠበቀው ውጭ የሆነ ሰው ሲያጋጥመው፣ አመለካከቱን ከመቀየር ሰውየውን ከዝርዝሩ ማውጣት ይቀለዋል። ያደረግከው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ የታተመ ጥናት በሰሜን ኢራቅ በአይሲስ ምክንያት ከቀያቸው የተፈናቀሉ ክርስቲያኖች የመሠረቷቸውን የእግር ኳስ ቡድኖች ተከታትሏል። በዕጣ ለአንዳንዶቹ ቡድኖች ሙስሊም ተጫዋቾች ተጨመሩላቸው። ከሙስሊሞች ጋር የተጫወቱት ከወራት በኋላም አብረው ይለማመዱ ነበር፤ በሚቀጥለው ውድድርም በተቀላቀለ ቡድን ለመመዝገብ ፈቃደኞች ሆኑ። ሙስሊሞች ወደሚበዙባት ሞሱል ከተማ ሄዶ ምግብ ቤት መብላት ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ቅርበቱ ሜዳው ላይ ቀረ።

አንተና ጓደኛህ ሰላም እንዳይደፈርስ ብላችሁ ስለ ብሔር አንዳችሁም አታነሱ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ደግ ነው። ጓደኝነቱ ከጠነከረ በኋላ ግን ማንነቱ ከተሸፈነ፣ ለእሱ ያለህ ፍቅር ወደ ወገኖቹ የሚሻገርበት ድልድይ የለም። ከቀላሉ ጀምር፦ እነሱ ጋ ለቅሶ እንዴት ይደረሳል፣ ለዓመት በዓል ምን ይበላል፣ ይህን ቃል በቋንቋችሁ እንዴት ትሉታላችሁ። ግጭት በተሰማበት ሳምንት አታንሳው፤ ያን ጊዜ ጥያቄ ሁሉ ክስ ይመስላል። የሕዝቡ ጠበቃም አታድርገው። ከአገሩ ልጆች ጋር ሻይ ሲጠጣ አብረህ ውጣ፣ ጸባያቸው የተለያየ ሦስት አራት ልጆችን እወቅ። አንዱን ሰው «እሱ ልዩ ነው» ማለት ይቻላል፤ አምስት ሰው ልዩ ነው ማለት ግን ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ተረጋግጧል ወይስ ምኞት ነው?

መልስ፦ ሁለቱም አለበት። ፔቲግሩና ትሮፕ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 515 ጥናቶችን ጨምቀው፣ ግንኙነት ከዝቅተኛ ጥላቻ ጋር አብሮ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ግን ጥላቻው አነስተኛ የነበረው ሰው ራሱ ግንኙነቱን ፈልጎ ይሁን አይሁን አይለዩም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሌላ ግምገማ ተሳታፊዎቻቸው በዕጣ የተደለደሉና ውጤታቸው ቢያንስ ከአንድ ቀን በኋላ የተለካ ጥናቶችን ብቻ ሲፈልግ 27 አገኘ። አቅጣጫው ያው ነው፤ በዘርና በብሔር ጥላቻ ላይ ግን ውጤቱ ቀጠን ይላል። ከ25 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችን የዘርና የብሔር ጥላቻ የፈተነ ጥናትም ከመካከላቸው አልተገኘም።

ጥያቄ፦ የእድር ጸሐፊ ነኝ። ሸክላ የሚሠሩ ቤተሰቦችን ከ5 ዓመት በፊት አባል አደረግናቸው፤ መዋጮም እኩል ይከፍላሉ። ሐሜቱና «ቡዳ» መባሉ ግን አልቆመም።

መልስ፦ ሐዘን ሲደርስ ማን ምን ይሠራል? ጡሩምባ መንፋት፣ ውሃ መቅዳትና እንጨት መፍለጥ የእነሱ፣ ወጥ መሥራትና ገንዘብ መያዝ የሌላው ከሆነ፣ እድሩ በየለቅሶው የድሮውን ደረጃ እያስተማረ ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 መቀራረብ እንዲሠራ አራት ነገር ዘርዝሯል፦ የጋራ ዓላማ፣ መተባበር፣ የሚከበሩ ሰዎች ወይም የሕግ ድጋፍ፣ እና በግንኙነቱ ውስጥ እኩል ደረጃ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አሏችሁ፤ የሚጎድለው የመጨረሻው ነው፤ የሽማግሌዎቹ ድጋፍ መኖሩንም ማየት ያስፈልጋል።

ድጋፍ ብቻውንም አያደርስም። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን እስከ እናንተ ሰፈር ደርሷል።

የሥራ ድልድሉ በዕጣ እንዲሆን፣ ወጥ ቤቱንም ጨምሮ፣ በመተዳደሪያ ደንቡ ያስገቡ። «እነ እገሌን ለማቅረብ» ብለው በጉባኤ አያስተዋውቁት፤ ለሁሉም የሚሠራ ደንብ ይሁን። ዕጣውን በጥንድ በጥንድ ያውጡት፤ አብሮ ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው ማውራቱ አይቀርም። በሚቀጥለው ምርጫ ከእነሱ አንድ ሰው ለገንዘብ ያዥነት ወይም ለንብረት ክፍል ይጠቆም፤ ቁልፍና ደረሰኝ የያዘ ሰው በየወሩ ይፈለጋል። ቄሱ ወይም ሼሁና ሽማግሌዎቹ ከባለ ሸክላዎቹ እጅ የወጣውን ምግብ ቀድመው ይቅመሱ፤ ይህን አስቀድመው ያነጋግሯቸው፣ በዕለቱ አያስገድዷቸው።

«አልበላም» የሚል ይኖራል። በሰው ፊት አይሟገቱት፤ ከተሟገቱት አቋሙ የክብር ጉዳይ ይሆንበታል። ዕጣው ሲደርሰው ግን ከማንም ጋር ይውጣ፤ ከቀረ እንደማንኛውም ቀሪ ይቀጣ።

ባለ ሸክላዎቹንም ለብቻ ይጠይቋቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ደስ የሚል ግንኙነት የተገፋው ወገን ራሱ በደሉን እንዲያሳንስ ሊያደርገው እንደሚችል አሳይቷል። ጉባኤ ላይ «ምንም ቅሬታ የለንም» ቢሉ በዚያ አይቁም፤ ቤታቸው ሄደው የመጨረሻው ለቅሶ ላይ የት እንደተቀመጡና ማን በምን ሰሃን እንዳቀረበላቸው ይጠይቁ።