ትንሽ የፋይበርግላስ ካራቫን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው፦ ከሥሩ ጀምረው ይዩት

ጠያቂያችን ያነሱት ጉዳይ በአጭሩ ይህ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ካራቫን፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት ትንሽ ቤት፣ ሊገዙ ነው፤ ያገኙት ባለ 13 ጫማ የፋይበርግላስ ካራቫን ዕድሜው ወደ 40 ዓመት ይጠጋል፤ ሻጩ «ፋይበርግላስ ስለሆነ አይበሰብስም፣ ውሃም አያስገባም» ብሏቸዋል፤ መኪናቸው መካከለኛ ናት፤ ከገዙ በኋላም ውስጡን አፍርሰው እንደ አዲስ ሊሠሩት አስበዋል። እኔም የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ስዞር ነበር፤ የሚመልስልኝ ሰው ስላላገኘሁ የተማርሁት በራሴ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ቅር እንደማይሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ።

የሻጩ አባባል ግማሹ እውነት ነው። የዚህ ዓይነቱ ካራቫን አካል እንደ ብዙዎቹ ካራቫኖች በእንጨት ማገርና በላሜራ አልተሠራም። በፎርማ የወጡ ሁለት የፋይበርግላስ ቅርፊቶች፣ የላይኛውና የታችኛው ግማሽ፣ ወገባቸው ላይ ተገጥመው እንደ እንቁላል አንድ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ1968 ካናዳ ውስጥ ዊኒፔግ ላይ ቦለር የተባለውን ካራቫን ያወጣው ሬይ ኦሌኮ ከዚያ በፊት የፋይበርግላስ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ታንከር የሠራ ሰው ነበር፤ በኋላ በአሜሪካ የመጡት ስካምፕና ካሲታ የተባሉ ካራቫኖችም የተከተሉት ያንኑ አሠራር ነው። በ1970ዎቹ የተሠሩ በርካታ ካራቫኖች ዛሬም የሚጎተቱት ግድግዳቸው ውስጥ የሚበሰብስ ማገር ስለሌለ ነው። ይሁን እንጂ ቅርፊቱ ውሃ ባያስገባም፣ ለመስኮት፣ ለጣሪያ አየር ማስወጫ፣ ለመብራትና ለሪቬት (ዕቃውን ከቅርፊቱ ጋር ለሚያያይዘው የብረት ቁልፍ) ሲባል የተበሳበት ቀዳዳ ሁሉ ያስገባል። ወለሉም በብዙዎቹ ላይ ሬዚን (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ መሰል ፈሳሽ) የተቀባ እንጨት ነው። ሻንሲው ብረት ነው፣ ይዝጋል። የሚያረጀው ቅርፊቱ የተቀመጠበትና በቅርፊቱ ላይ የተገጠመው ነገር ነውና ገንዘብዎን ከመክፈልዎ በፊት ዓይንዎን እዚያ ላይ ያሳርፉ።

እኔ ይህን አላደረግሁም። ፍራሹን ተጭኜ አየሁ፣ መጋረጃውን አደነቅሁ፣ ምድጃው መቀጣጠሉን አረጋገጥሁ፤ ከሥሩ ግን ተንበርክኬ አላየሁም። ከወር በኋላ ኮረኮንች መንገድ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ነድቼ በሩን ስከፍት፣ ከላይ የነበረው ቁም ሳጥን ሪቬቶቹ ተነቅለው አልጋው ላይ ወድቆ አገኘሁት። ምክንያቱ የሞተ አክስል (ሁለቱን የካራቫኑን እግሮች የሚይዘው አግድም ብረት) ነበር። የእነዚህ ትንንሽ ካራቫኖች አክስል አብዛኛውን ጊዜ ባሌስትራ የለውም፤ በአራት ማዕዘን የብረት ቱቦ ውስጥ ተጨምቀው የገቡ የጎማ ዘንጎች ናቸው እንደ ሞላ የሚያገለግሉት። ከቱቦው ጫፍ አጭር ክንድ ይወጣል፣ የተሽከርካሪው እግር የሚታሰረው በዚያ ክንድ ላይ ነው። የውስጡ ጎማ ከ20 እስከ 30 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርቅና መለጠጡን ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ የሚመታው ምት ሁሉ በቀጥታ ወደ ቅርፊቱና ወደ ሪቬቶቹ ያልፋል።

ይህን ለመለየት ሜካኒክ መሆን አያስፈልግም። ሜዳ ቦታ ላይ አስቁመው፣ ፕላስቲክ አንጥፈው ይተኙና ባትሪ እያበሩ ክንዱን ከጎን ይዩት። ጤነኛ ከሆነ ክንዱ ከአክስሉ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ካራቫኑ ባዶ ሆኖ ሳለ ክንዱ አግድም ከተጋደመ ወይም ጭራሽ ወደ ላይ ካቀና አልቆለታል። ከተጠራጠሩ በክሪክ ያንሱት፤ ነገር ግን ክሪኩን ከሻንሲው ሥር እንጂ ከአክስሉ ቱቦ ሥር ፈጽሞ አይደግፉት፣ ቱቦው ይጎብጣልና። እግሩ ከመሬት ሲለቅ ክንዱ ወደ ታች ወረድ ማለት አለበት። ሳይንቀሳቀስ እንዳለ ከተነሣ የውስጡ ጎማ ድንጋይ ሆኗል ማለት ነው። ይህ አክስል ሙሉ በሙሉ ይለወጣል እንጂ አይጠገንም፤ ስለዚህ ዋጋውን ከሻጩ ጋር ሲነጋገሩ ያንሱት። መለወጡ ግን ጥፋት ብቻ አይደለም፦ አሮጌዎቹ ብዙዎቹ ፍሬን የላቸውም፣ አዲሱን ሲያዙ ከኤሌክትሪክ ፍሬን ጋር ማዘዝ ይችላሉ። እኔ እንዲያ አድርጌያለሁ፤ ከወጪዎቼ ሁሉ ያልጸጸተኝ እርሱ ብቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

እዚያው እንደተኙ ሻንሲውን ይከተሉ። በአሮጌ ቦለሮችና በመሰሎቻቸው ላይ የታወቀው ደካማ ቦታ የፊተኛው መጎተቻ ብረት ከቅርፊቱ ሥር ሲገባ የሚታጠፍበት ነው፤ ስንጥቁ ከፀጉር የቀጠነ ሊሆን ስለሚችል ጭቃውን በጨርቅ ጠርገው ይዩ። አዲስ ጥቁር ቀለም እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ተቀብቶ ካዩ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። ብየዳ ያረፈበት ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ተጨማሪ ብረት ተደርቦበት በሥርዓት የተበየደ ሻንሲ ከመጀመሪያው ይልቅ ሊጠነክር ይችላል።

ወለሉን ደግሞ በካቻቢቴ ጫፍ ይፈትኑት፤ በተለይ በሩ ሥር፣ ከፊት ወንበሩ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥና በእግሮቹ ሽፋን ዙሪያ። ጤነኛ እንጨት ሲነካ ይጮኻል፣ የበሰበሰ ደግሞ ዝም ብሎ ይቀበላል። ትንሽ የበሰበሰ ቦታ ተቆርጦ በኮምፔርሳቶና በሬዚን ይጠገናል፤ ሻንሲውን የሚይዙት ቡሎኖች ዙሪያ ከሆነ ግን ሥራው ከባድ ነው።

ስለ ውሃው አንድ ነገር በዝርዝር ልንገርዎ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የእኔ ካራቫን በዘነበ ቁጥር ከፊት መስኮት ሥር ያለውን ፍራሽ ያረጥብ ነበር። መስኮቱ ነው ብዬ ሦስት ጊዜ በሲሊኮን አሸግሁት። ሦስቱም ጊዜ አስገባ። በኋላ አንድ ጓደኛዬን ውስጥ አስቀምጬ፣ ከውጭ በጎማ ቱቦ ውሃ ከታች ጀምሬ ቀስ እያልሁ ወደ ላይ አፈሰስሁ፤ ከላይ ከጀመሩ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚርስ መነሻው አይለይም። የመስኮቱ ወገብ ምንም አላስገባም፣ የመስኮቱ አናትም ምንም አላስገባም። ቱቦውን ጣሪያው ጫፍ ላይ ካለችው የአውራ ጣት የምታህል ቢጫ መብራት ላይ ሳደርስ ጓደኛዬ «መጣ!» ብሎ ጮኸ። ውሃው በመብራቷ ቪቴ ቀዳዳ ገብቶ፣ በቅርፊቱና በውስጡ ልባስ መካከል ተንሸራትቶ፣ መስኮቱ ሥር ይወጣ ነበር። ጥፋቱ የመስኮቱ አልነበረም፤ አሁን ግን ሲሊኮኑ ራሱ ሌላ ጣጣ ሆነብኝ፣ ምክንያቱም ሲሊኮን በፋይበርግላሱ ላይ የሚተወው ቅባት ከዚያ በኋላ የሚደረግበትን ማሸጊያ ሁሉ እንዳይጣበቅ ያደርገዋል። ለመስኮትና ለመብራት የሚሆነው ቡቲል ቴፕ የተባለው የሚጣበቅ ማሸጊያ ነው፦ ለዓመታት እንደ ሊጥ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፣ ቪቴው ሲጠብቅ ተጨምቆ ይወጣል፣ ትርፉን በላስቲክ መፋቂያ ያነሡታል። ሻጩ ሁሉንም ጠርዝ በሲሊኮን የለቀለቀ ከሆነ፣ ሲያስገባ ኖሯል ብለው ያስቡ።

ወደ መኪናዎ ልምጣ። ባለ 13 ጫማዎቹ ባዷቸውን በአብዛኛው ከ550 እስከ 700 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ነገር ግን ማንም ባዶ ካራቫን አይጎትትም። የእኔ ውሃው፣ ጋዙ፣ ባትሪው፣ አልጋ ልብሱና ዕቃው ገብቶበት የመኪና ሚዛን ላይ ሲወጣ 870 ኪሎ ሆነ። ስለዚህ የመኪናዎን የመጎተት አቅም ከመመሪያ መጽሐፉ አንብበው ከተጫነው ክብደት ጋር ያስተያዩ፤ ካራቫኑ ከመኪናው ኋላ በሚያያዝበት መጎተቻ ኳስ ላይ ወደ ታች ሊያርፍ የሚፈቀደው ክብደት በተለየ ቁጥር ስለሚጻፍ እርሱንም አይዝለሉ። ኳሱ ላይ የሚያርፈው ከካራቫኑ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዲሆን ይመከራል። ከዚህ ካነሰ ካራቫኑ ፍጥነት ሲጨምር ከኋላ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። የቤት ሚዛን ይህን ያህል ካልቻለ ጠንካራ ጣውላ ወስደው አንዱን ጫፍ በጡብ ላይ፣ ሌላውን በሚዛኑ ላይ ያሳርፉ፤ የካራቫኑን መጎተቻ ከጡቡ በኩል አንድ ሦስተኛው ርቀት ላይ ያስቀምጡና ሚዛኑ ያሳየውን፣ የጣውላውን ድርሻ ቀንሰው፣ በ3 ያባዙት። ከኋላ የሚጨመር ክብደት ኳሱ ላይ የሚያርፈውን ስለሚቀንስ፣ ከካራቫኑ ኋላ የብስክሌት መስቀያ መትከል የሚያምራቸው ሰዎች ይህን ስሌት ከሠሩ በኋላ ሐሳባቸውን ሲቀይሩ አይቻለሁ።

ጎማው ጥርሱ ባያልቅም በዕድሜ ይሞታል፤ ጎኑ ላይ ያለው የመጨረሻው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራል፣ ለምሳሌ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. የ2019 23ኛ ሳምንት ነው። ስድስት ዓመት ካለፈው እኔ አልጓዝበትም። ኩሽኔታውን መቼ ግራሶ እንደተቀባ የሚያውቅ ሻጭ ስለማይገኝ ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት አስፈትተው ያስቀቡት፤ ከዚያ በዓመት አንድ ጊዜ ይበቃል። የኳሱን መጠን ደግሞ በዓይን አይገምቱ፦ አሮጌዎቹ ባለ 1⅞ ኢንች፣ አዲሶቹ ባለ 2 ኢንች መሆናቸው የተለመደ ሲሆን፣ ኳሱን የሚይዘው የካራቫኑ መያዣ ትልቅ ከሆነ በትንሹ ኳስ ላይ ያለ ችግር ይቀመጥና መንገድ ላይ ይዘላል። ካያያዙ በኋላ የፊተኛውን ክሪክ ጥቂት ከፍ አድርገው የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሣ ይዟል። የደኅንነት ሰንሰለቶቹን ከመጎተቻው ሥር አጠላልፈው ከመኪናው ጋር ያያይዟቸው።

የመጀመሪያ ጉዞዎ አጭር ይሁን። 80 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዱ ይቁሙና የቸርኬውን ዳዶዎች እንደገና ያጥብቁ፤ የእጅዎንም ጀርባ ወደ ሁለቱ የካራቫኑ ቸርኬዎች መሐል አስጠግተው ሙቀታቸውን ያወዳድሩ፣ አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ ኩሽኔታው ወይም ፍሬኑ ችግር አለበት። መወዛወዝ ከጀመረ ከነዳጁ ላይ እግርዎን ያንሡ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ የመኪናውን ፍሬን በድንገት አይርገጡ። ወደ ኋላ መሄድ ከረጅሙ ይልቅ በአጭሩ ካራቫን ይከብዳል፣ ቶሎ ይታጠፋልና። እጅዎን ከመሪው ግርጌ ያድርጉ፤ የካራቫኑ ኋላ እንዲሄድ ወደሚፈልጉበት ጎን እጅዎን ይውሰዱት። ባዶ ሜዳ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ይለማመዱ፤ ሰው በተሰበሰበበት ካምፕ ውስጥ መለማመድ ትዳርም ያናጋል።

ሌሊት ላይ የሚያጋጥምዎት ሌላ ውሃ አለ፣ ይህኛው ከውጭ የመጣ አይደለም። ሁለት ሰዎች ተኝተው ሲያድሩ በትንፋሻቸውና በላባቸው ከግማሽ ሊትር የማያንስ ውሃ ወደ አየሩ ይለቃሉ፤ ቅርፊቱ ሲቀዘቅዝ ያ ሁሉ ግድግዳው ላይ ጤዛ ይሆናል። አዲስ ባለቤቶች ጠዋት ፍራሹ ሥር ርጥበት ሲያዩ «ያስገባል» ብለው ይደነግጣሉ። የጣሪያውን አየር ማስወጫና አንድ መስኮት ጣት በሚያስገባ ልክ ከፍቶ ማደር፣ ከፍራሹም ሥር አየር የሚያሳልፍ ርብራብ ማድረግ በቂ ነው። ቤቱን በጋዝ ምድጃ ለማሞቅ ግን በፍጹም አይሞክሩ፤ ጤዛውን ከመጨመሩም በላይ በዚህች ጠባብ ክፍል ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ መርዝ ሰው ይገድላል። ፕሮፔን (የምድጃው ጋዝ) ከአየር ስለሚከብድ የጋዝ መፍሰስ መጠቆሚያው ወለሉ አካባቢ ይተከል፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያው ደግሞ ራሱን የቻለ ይኑር፤ ሁለቱም የአገልግሎት ማብቂያ ቀን አላቸው።

በመጨረሻ ውስጡን አፍርሰው ስለ መሥራት ያነሡትን ልመልስ። አንድ ወቅት ሳይተኙበት አያፍርሱት፤ ካፈረሱም በሩ አጠገብ ያለውን የልብስ ቁም ሳጥን አይንኩት። እኔ ቦታ ለማስፋት ብዬ አወጣሁት። በእነዚህ ካራቫኖች ውስጥ ቁም ሳጥኑ ጣሪያውን የሚሸከም ምሰሶም ጭምር ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ጣሪያው መሐል ላይ ጎድጎድ ብሎ ዝናብ ማቆር ጀመረ፣ ቀድሞ በአንድ ጣት የሚዘጋው በርም በላይኛው ጥግ እየተፋተገ በትከሻ የሚዘጋ ሆነ። ቁም ሳጥኑን መልሼ ስተክል ጣሪያውን በእንጨት ድጋፍ በቀን ጥቂት ሚሊ ሜትር እያነሣሁ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። እርስዎም ሊያዩት ሲሄዱ የበሩን ዙሪያ ክፍተት ይመልከቱ፤ ከላይና ከታች እኩል ካልሆነ ከእርስዎ በፊት አንድ ሰው እንደኔ ብልህ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ባትሪ፣ ስል ካቻቢቴና የሚነጠፍ ፕላስቲክ ይዘው ይሂዱ። የአክስሉን ክንድ በሁለቱም ወገን ከጎን፣ የሻንሲውን መታጠፊያ ደግሞ ከቅርብ ፎቶ አንሥተው እዚሁ ቢለጥፉልን፣ እኔም ሆንሁ ሌሎቹ አባላት አይተን የሚመስለንን እንነግርዎታለን።