መልስ፦ ፓርስኒፕን በቤት ውስጥ ስለማብሰል
ለንደን ውስጥ የገዙትን ፓርስኒፕ፣ ማለትም ነጭ ካሮት የሚመስለውን ሥር፣ እንዴት እንደሚያበስሉት ጠይቀዋል። እኔ የማስቀድመው በኦቭን መጥበስን ነው። ልጠው በቁመቱ ከሰነጠቁት በኋላ፣ ትልቅ ከሆነ እንጨት የሚመስለውን መሐሉን አውጥተው፣ በፈላ ውሃ 5 ደቂቃ ያህል ቀቅለው ውሃውን ያንጠፍጥፉ፤ ከዚያም በዘይትና በጨው አሽተው፣ አስቀድሞ እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጋለ ኦቭን ውስጥ፣ መሐል ላይ አንድ ጊዜ አገላብጠው፣ ጠርዙ ወርቃማ እስኪሆን ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ያቆዩት። ውርጭ ያገኘው ፓርስኒፕ ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ በራሱ ይጣፍጣልና፣ እንግሊዞች ቢወዱትም፣ ማር መጨመሩ ለእኔ ትርፍ ነው። ከድንች ጋር ተቀቅሎ በቅቤ ቢደቆስም መልካም ነው። በአትክልት አልጫ ውስጥ በካሮት ፋንታ ካስገቡት ግን ጣፋጭነቱ ስለሚያይል ዝንጅብሉንና ቃሪያውን ጠንከር ያድርጉት።