«ኢትዮጵያዊ ዘፋኞች» የተባሉት እነማን ነበሩ? ስለ ሚንስትረል ትርኢት ጥያቄና መልስ

ሚንስትረል በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ከተሞች የገነነ የዘፈን፣ የቀልድና የጭፈራ ትርኢት ነው። ነጮች ፊታቸውን አጥቁረው መድረክ ላይ ወጥተው በጥቁሮች ይሳለቁ ነበር። ከታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በድሮ የአሜሪካ ማስታወቂያ ላይ «ኢትዮጵያን ሰረናደርስ» የሚል የቡድን ስም አየሁ። አበሾች ነበሩ?

መልስ፦ አልነበሩም እህቴ። ፊታቸውን ያጠቆሩ ነጮች ናቸው፤ በ1844 ዋይት ሐውስ ድረስ ተጠርተው ተጫውተዋል። በዚያ ዘመን በእንግሊዝኛ «ኢትዮጵያዊ» ማለት ጥቁር ሰው ሁሉ ማለት ነበር፤ አጠራሩ ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ ነው። የሚያሳዝነው፣ ጥቁር አሜሪካውያን «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን የዳዊት ቃል የነጻነት ተስፋ አድርገው ሲይዙት፣ ቲያትር ቤቱ ያንኑ ስም መሳለቂያ ማድረጉ ነው። ስለዚህ በ1840ዎቹ የአሜሪካ ጋዜጣ ላይ «ኢትዮጵያዊ ዜማ» የሚል ብታገኚ አገራችንን አትፈልጊበት።

ጥያቄ፦ ማን ጀመረው?

መልስ፦ ፊት አጥቁሮ መጫወት ቀድሞም ነበር። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ግን ቶማስ ራይስ የተባለ ነጭ ተዋናይ «ጂም ክሮው» በሚል ገጸ ባሕርይ ዝናው ናኘ። በኋላ ጥቁርና ነጭን የሚለያዩት ሕጎች የተጠሩት በዚሁ ስም ነው። በቡድን ሙሉ ምሽት የሚያዝ ትርኢት የሆነው በ1843 ነው፤ ዳን ኤሜትና ሦስት ጓደኞቹ በኒው ዮርክ ባወሪ ሰፈር «ቨርጂኒያ ሚንስትረልስ» ብለው ሲነሱ።

ጥያቄ፦ የአንድ ምሽት ዝግጅት ምን ይመስል ነበር?

መልስ፦ መልክ ከያዘ በኋላ ሦስት ክፍል ነበረው። በመጀመሪያው ተጫዋቾቹ በግማሽ ክብ ይቀመጣሉ። መሐል ያለው አጋፋሪ በጨዋ አነጋገር ይጠይቃል፤ ዳርና ዳር የተቀመጡት ታምቡሪን መቺው «ታምቦ» እና አጥንት አጋጪው «ቦንስ» ነገሩን እያጣመሙ ይመልሱለታል። ሳቁ ያለው በዚህ ምልልስ ነው፤ አጋፋሪው ራሱ ለመቀለድ ከሞከረ ጨዋታው ይበላሻል። ሁለተኛው ክፍል ከመጋረጃው ፊት ለፊት የሚቀርብ ልዩ ልዩ ትርኢት ነው፤ ትልልቅ ቃላትን ያለቦታቸው የሚደረድር የውሸት ዲስኩር አይቀርም። ይህም በከንቱ አልነበረም፤ ከመጋረጃው ጀርባ የሦስተኛው ክፍል መድረክ ይሰናዳል። መጨረሻው አጭር ድራማ ነው፤ ብዙ ጊዜ የእርሻ ባሪያዎችን ኑሮ ደስታ የሞላበት አድርጎ ያሳያል። እኔ ከሁሉ የከፋው ይህ ይመስለኛል፤ ባርነት በቀረበት የሰሜኑ የአሜሪካ ክፍል የሚኖረውን ከተሜ ባርነት ጨዋታ መስሎ እንዲታየው አድርጓልና።

ጥያቄ፦ ፊታቸውን የሚቀቡት በምን ነበር?

መልስ፦ በጠርሙስ ቡሽ ከሰል። ቡሹን በብረት ዕቃ አድርገው፣ አልኮል አርከፍክፈው ያቃጥሉታል፤ ሲቀዘቅዝ አልመው ይፈጩና በውኃ ለውሰው ሊጥ ያስመስሉታል። በደንብ ካልላመ ፊት ላይ ይጎረብጣል፤ ላብ ሲበዛ ይወርዳል፣ ኮሌታም ያበላሻል። ቅባት ስለሌለበት ግን በሳሙናና በውኃ ይለቃል። የአፍ ዙሪያ ሳይቀባ ይተዋል ወይም በቀይ አለዚያም በነጭ ይሰፋል።

ጥያቄ፦ መሣሪያዎቹስ?

መልስ፦ ቫዮሊን፣ ባንጆ (እንደ ጊታር ያለ ባለ ክር መሣሪያ)፣ ታምቡሪን (በእጅ የሚመታ ትንሽ ከበሮ) እና አጥንት። ባንጆ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ከቅል ከሠሩት መሣሪያ የመጣ ነው። የያኔው ክሩ የአንጀት፣ ፊቱ ቆዳ ስለነበር እርጥበት ሲመጣ ይላላል፤ ከበሮ መቺ እሳት ዳር የሚያሞቀው ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ችግሩ ይገባዋል። አጥንቱ የከብት ጎድን ነው፣ በየእጁ ሁለት ሁለት። አንዱ በጣቶች መካከል ጠበቅ ተደርጎ ይያዛል፣ ሌላው ላላ ይላል፤ የእጅ አንጓ ሲወዛወዝ ይጋጫሉ። ሁለቱም ከጠበቁ ድምፅ የለም።

ጥያቄ፦ ገበያው ጥሩ ነበር?

መልስ፦ እጅግ። የኤድዊን ክሪስቲ ቡድን በኒው ዮርክ ብሮድዌይ ጎዳና 472 ቁጥር፣ መካኒክስ አዳራሽ ከ1847 እስከ 1854 ተጫውቷል፤ መግቢያው 25 ሳንቲም ነበር።

ጥያቄ፦ ጥቁሮች ራሳቸው አልተጫወቱም?

መልስ፦ ተጫውተዋል ወንድሜ። «ማስተር ጁባ» የሚባለው ጨፋሪ ዊሊያም ሄንሪ ሌን በ1840ዎቹ ከነጮች ቡድን ጋር እንግሊዝ ድረስ ሄዷል። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ «ጆርጂያ ሚንስትረልስ»ን የመሰሉ የጥቁር ቡድኖች በዙ። ሙያ ላለው ጥቁር ተዋናይ ሌላ በር ጠባብ ስለነበር፣ አንዳንዶቹ በቡሽ መቀባቱን ሳይቀር ተቀበሉ። ከባርነት ያመለጠው ጥቁር የነጻነት ታጋይ ፍሬድሪክ ዳግላስ ነጮቹን ተጫዋቾች ገና በ1848 በጋዜጣው አጥብቆ አውግዟቸዋል፤ ተፈጥሮ የነፈገቻቸውን የቆዳ ቀለም ከእኛ ሰርቀው ገንዘብ ይሠሩበታል ሲል።

ጥያቄ፦ እውነተኛዋ ኢትዮጵያ በዚያ መድረክ ላይ ታየች?

መልስ፦ ታየች፤ በ1906፣ ከአድዋ ድል 10 ዓመት በኋላ። በርት ዊሊያምስና ጆርጅ ዎከር፣ ሁለቱም ጥቁሮች፣ «አቢሲኒያ» የሚል የሙዚቃ ቲያትር በኒው ዮርክ አቀረቡ። ታሪኩ አሜሪካውያን ጥቁሮች ወደ አገራችን ሲመጡ የሚገጥማቸው ነው፤ አፄ ምኒልክም እንደ ገጸ ባሕርይ አሉበት። ዊሊያምስ ግን በዚያም መድረክ ላይ ፊቱን በቡሽ አጥቁሮ ነበር የወጣው።